ምራቶቹ የማይጠሩት መንደር

ከሮቤ ወደ ገሰራ ሲሄዱ፣ መንገዱ ጠጠርነቱን ትቶ ጭቃ መሆን የሚጀምርበት ቦታ ላይ አንድ መንደር አለ። በደርግ ጊዜ የዚያ መንደር ወንዶች «አገራችሁ የት ነው?» ከተባሉ ደረታቸውን ነፍተው ስሙን ይናገሩ ነበር። ሴቶቹ ከተጠየቁ ግን ሻሻቸውን ወደ አፋቸው ስበው መሬት መሬት ያያሉ። የማያውቅ ሰው ወይ ዱዳ ናቸው ብሎ ያዝናል፣ ወይ የደበቁት ነገር አለ ብሎ ይጠረጥራል። ዱዳስ አልነበሩም። ረቢያን የመሰለች ሴት ዱዳ ብትሆን ኖሮ፣ ባሏ ጀሊል በግራ ጆሮው እስከ ዛሬ ደህና አድርጎ ይሰማ ነበር።

ረቢያ ከጊኒር በኩል ተድራ የመጣች፣ አጭር፣ ፈጣን፣ ምላሷ ከእግሯ የሚቀድም ሴት ናት። ቅቤ ትነግዳለች፣ ላም ታልባለች፣ ልጆች ታሳድጋለች፤ ይህን ሁሉ ግን ሥራ አትለውም። ሥራ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እህልን ዱቄት ማድረግ። ቤት ውስጥ በድንጋይ ስትፈጭ ከዋለች ትከሻዋ ሲያቃስት ያድራል። ሮቤ ወርጄ በናፍጣ ወፍጮ ላስፈጭ ካለች ደግሞ አህያ ጭና፣ በጭቃ ተለውሳ፣ ሰልፍ ይዛ፣ ተራዋ ሊደርስ ሲል «ናፍጣ አልቋል» ተብላ፣ ሰው ደጅ አድራ በማግስቱ ትመለሳለች። «የሴት ዕድሜ ሁለት ቦታ ነው የሚያልቀው» ትል ነበር፤ «ግማሹ ወፍጮ ቤት ስትሄድ፣ ግማሹ ከወፍጮ ቤት ስትመለስ።» ስለዚህ ከአላህ የምትለምነው አንድ ነገር ነበር፤ ለመንደሯ አንድ የናፍጣ ወፍጮ። ሼኩ በጀነት ውስጥ ያለውን ሁሉ ሲዘረዝሩ «ወፍጮስ?» ብላ ጠይቃለች ይባላል። የሰሙ ሰዎች «ወላሂ» ብለው ይምላሉ።

ወፍጮው ከመንደሩ ስም ጋር እንዴት እንደተጣላ ለመረዳት ግን ስሙ ከየት እንደመጣ ማወቅ ያስፈልጋል።

ቦታው በንጉሡ ጊዜ መንደር አልነበረም። ሦስት ቦታ ተበታትነው የሚኖሩ ዘመዳሞች ከብታቸውን የሚያውሉበት መስክ ነበር። ባላባቱ «እርሻዬ» ይለዋል፣ ባለከብቶቹ «ጨፌ» ይሉታል፤ የሚገናኙት ከብት ሲታሰር ብቻ ስለሆነ በስሙ ተጨቃጭቀው አያውቁም። የመሬት አዋጅ ታውጆ ባላባቱ ሲሄድ ቦታው ቁጥር ተሰጠው፤ ቁጥሩን ሊቀመንበሩ እንኳ አያስታውሰውም። ከዚያ የሶማሌ ጦርነት መጣ። ግማሹ ሰው ወደ ጎባ፣ ግማሹ አንገቱ ወደሚባለው ጫካ ሸሸ። ነገሩ ሲበርድ፣ ጎባ የሰነበቱት ዳቦ፣ አንገቱ የሰነበቱት ቡና ለምደው ተመለሱ። በዚያው የቀሩም ነበሩ፤ የእነሱን ቦታ ማንም የማያውቃቸው፣ እነሱ ግን ሁሉንም እናውቃለን የሚሉ አዳዲስ ሰዎች ያዙት።

ሰው ገና ጎጆውን ሳይጠግን ካድሬው ጓድ ኃይለየሱስ ደረሰ። ከጎጃም የመጣ፣ ቀጭን፣ የባሌ ብርድ ጉንፋን ሰጥቶት ጉንፋኑን መልሶ ያልወሰደበት ወጣት ነው። ክፋት አልነበረውም፤ ገመድ ግን ነበረው። ሜዳውን በገመድና በችካል አሰመረና «ሁላችሁም እዚህ መስመር ላይ ትሠራላችሁ» አለ። ሦስቱ ጎጥ ፈርሶ አንድ መንደር ሆነ። ቤቶቹ አንድ ዓይነት፣ በሮቹ በአንድ አቅጣጫ፣ ርቀታቸው እኩል። በመጀመሪያው ክረምት ከብቱም ሰውም ቤቱ ጠፋበት። ጀሊል አንድ ቀን ከሰላት ሲመለስ ቀጥ ብሎ የጎረቤት ቤት ገባ፤ ጫማውን አወለቀ፣ ምሳ ቀረበለት፣ በላ። ቤቱ የእሱ አለመሆኑን የጠረጠረው ጠግቦ ሲነሣ ነው፤ በልቶ እስኪጨርስ ድረስ የተቆጣው ሰው አልነበረም።

መንደሩ ተሠራ፤ ስም ቀረ። ኃይለየሱስ ያዘጋጃቸው ስሞች ነበሩት። ሮቤ ወርዶ ሲጠይቅ ግን ደህና ደህናው ሁሉ ተይዟል። «አዲስ ሕይወት» ሦስት ቦታ አለ። «ቀይ ጮራ»ን ከወንዝ ማዶ ያሉት ጎረቤቶች ቀድመው ወስደውታል። «ድል በትግል» የሚባሉ ሁለት መንደሮች የአንዱ ማዳበሪያ ለአንዱ ሄዶ እየተካሰሱ ነው። «ይልቅ ከሕዝቡ የትግል ታሪክ ውስጥ ስም ፈልግ» ተብሎ ተመለሰ።

የትግል ታሪክ ሲፈለግ ጋሽ ዲኖ ተገኙ።

ጋሽ ዲኖ የጀሊል አባት ናቸው። ረዥም፣ ቀጥ ያሉ፣ ከዘመዱ ሁሉ በዕድሜም በከብትም የሚበልጡ ሽማግሌ። በባላባቱ ጊዜ በሬያቸው የባላባቱ ገብስ ውስጥ ገብቶ ለአንድ ቀን ታስረው ነበር። ነገሩ ይኸው ነው። ጋሽ ዲኖ ግን ታሪክ የሚያሳድጉ ሰው ናቸው። መጀመሪያ አንዱ ቀን ሳምንት ሆነ። ከዚያ ባላባቱን ፊት ለፊት የተናገሩት ንግግር ተጨመረ። አብዮቱ ሲፈነዳ በትር የያዘ ገበሬ ሁሉ ከኋላቸው ተሰለፈ። በሬው በታሪኩ ውስጥ ቦታ እየጠበበው ሄዶ በመጨረሻ ወጣ።

እኚህ ሰው በዓለም ላይ የሚወዱት ሁለት ነገር ነው፤ ከብቶቻቸውንና ስማቸውን። ከብቶቻቸውን ጠዋት ማታ ያዩአቸዋል። ስማቸው ግን ናፍቋቸው ነበር። በእኛ አገር ምራት የባሏን አባትና የወንድ ዘመዶቹን ስም አትጠራም፤ ለጉ ይባላል። ከጠራች ባሏን አዋረደች፣ ራሷንም አስነወረች ማለት ነው። ጋሽ ዲኖ ደግሞ አላህ ዘጠኝ ወንድ ልጅ ሰጥቷቸው፣ ዘጠኙንም ድረው፣ ግቢው በምራት ሞልቷል። ወንዶቹ ልጆቻቸው «አባ» ይሏቸዋል። ባለቤታቸው መሪየም ደስ ሲላቸው «ሰውዬው»፣ ሲከፋቸው «ያ ሰውዬ» ይሏቸዋል። እንዲህ ሆኖ፣ ጋሽ ዲኖ በገዛ ግቢያቸው ስማቸውን ከሰሙ ዓመታት አልፈዋል። ሐሜተኛ እንደሚለው ከሆነ ገበያ የሚወርዱት ለሸቀጥ አልነበረም፤ አንድ የሚያውቃቸው ሰው ከሩቅ «ዲኖ!» ብሎ እንዲጮህላቸው ነበር።

«ከእናንተ ውስጥ ፊውዳሉን የታገለ ማነው?» አለ ኃይለየሱስ በስብሰባው ላይ።

ጋሽ ዲኖ ተነሡ። ታሪኩን ከነዕድገቱ ተረኩት። ልጆቻቸውና የወንድሞቻቸው ልጆች እጅ አወጡ፤ መንደሩ ውስጥ ሌላ እጅ ብዙም አልነበረም። ኃይለየሱስ አፍንጫውን ጠረገና አወጀ፤ መንደሩ «ዲኖ ትግል» ተባለ።

ሴቶቹ በዚያ ሰዓት ከስብሰባው ጀርባ ለተሰብሳቢው ምግብ ያዘጋጁ ነበር፤ የጠየቃቸው የለም። ጭብጨባው ሲሰማ ረቢያ ወደ ሞሚና ዞረች። ሞሚና የታናሽየው ልጅ ሚስት ናት፤ ሳቅ የሚቀድማት ልጅ።

«ሰማሽ? ማን አሉት?»

«ሰምቻለሁ» አለች ሞሚና አፏን ይዛ፤ «ግን እንዴት ብዬ ልንገርሽ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የመንደሩ እኩሌታ በስም የለሽ አገር መኖር ጀመረ። የወንድም ልጆች ሚስቶችም የዘመድ ምራት ናቸውና በለጉ ታሰሩ። ከዘመዱ ውጭ ያሉት ጥቂት ሴቶች፣ እነ ረቢያ ዝም ባሉበት ስሙን መጥራት ድፍረት መስሎ ታያቸውና እነሱም ተዉት። ሁሉም እንደየፊናው ስም አወጣ። ረቢያ «ጭቃው ማዶ» አለችው። ሞሚና «መስመሩ» አለችው። ሌላዋ «የረዥሙ ሰውዬ ደጅ» አለችው። የገሰራ ነጋዴዎች ቅቤ የሚያመጡላቸው ሴቶች ከብዙ መንደር የተሰባሰቡ ይመስላቸው ነበር።

የመጀመሪያው ጣጣ ሮቤ መግቢያ ኬላ ላይ መጣ። ረቢያ ቅቤዋን ይዛ ስትደርስ አዲስ ዘበኛ ቆሟል።

«ከየት ነሽ?»

«ከዚያ።»

«ዚያ የት ነው?»

«ጭቃው ሲያልቅ።»

«በባሌ ጭቃ መቼ አልቆ ያውቃል? የመንደሩን ስም ንገሪኝ።»

«ስሙንስ አውቀዋለሁ፣ ወንድሜ። መናገር ነው የማልችለው።»

ዘበኛው ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። በዚያ ዘመን «አውቃለሁ፣ አልናገርም» ተብሎ በሰላም የተገባበት ቤት የለም።

«ማን ነው አትናገሪ ያለሽ?»

«ማንም። ልማድ ነው።»

«ብቻሽን ነሽ?»

«ኧረ ሁላችንም ነን! ሴቱ ሁሉ ነው።»

ቅቤዋ ፀሐይ ላይ እየቀለጠ እስከ ዐሥር ሰዓት ኬላው ጥግ ተቀመጠች። በመጨረሻ አንድ የሚያውቃት ነጋዴ ደረሰና ለዘበኛው እየሳቀ አስረዳው። ዘበኛው አመነ፤ ግን ዘወር ብሎ «እኔም አማቴን አልወዳቸውም፤ እንዲህ ግን አላካበድኩትም» አለ።

ይህ ሁሉ ሲሳቅበት ከረመ፤ የወፍጮው ወሬ እስኪመጣ ድረስ።

በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት መሰለኝ፣ በገሰራ መንገድ ላይ ላለ አንድ መንደር የናፍጣ ወፍጮ ይሰጣል ተባለ። ተወዳዳሪዎቹ ዲኖ ትግልና ከወንዝ ማዶ ያለው ቀይ ጮራ ናቸው። ረቢያ ያን ጊዜ የመንደሩ የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ነበረች፤ ወሬውን እንደሰማች እንቅልፍ አጣች። ኃይለየሱስን ጎትታ ወደ ጎባ ላከችው። ኃይለየሱስ ሄዶ፣ ተናግሮ፣ ፊቱ ጠቁሮ ተመለሰ።

«ከለከሉን?» አለችው ገና ከፈረሱ ሳይወርድ።

«የሴቶች ጉዳይ ኃላፊ አለች፤ ጓድ የሺሃረግ ትባላለች። ‹የሴቶች ቀን ሮቤ ሲከበር ከየት እንደመጡ ሁሉንም ጠይቄያለሁ› አለች። ‹ከቀይ ጮራ መጥተዋል። ከመስመሩ መጥተዋል። ከጭቃው ማዶም መጥተዋል። ከዲኖ ትግል ግን አንዲት ሴት አልመጣችም› አለች።»

«እኔ ፊት ለፊቷ ቆሜ!»

«‹ሴት የሌለበት መንደር ወፍጮ ምን ያደርግለታል?› አለችኝ። ነገሩን ባስረዳት ባሰባት። ‹የመንደሯን ስም መጥራት ያቃታት ሴት ናት የተደራጀችው?› አለች። ወፍጮውን በመኪና ጭና ራሷ ትመጣለች። ቆማችሁ ‹የዲኖ ትግል ሴቶች ነን› ካላችሁ እዚሁ ታወርደዋለች። ካላላችሁ ወንዙን ተሻግራ ለቀይ ጮራ ትሰጠዋለች።»

ረቢያ የፈረሱን ልጓም ይዛ ቀረች።

«አንዲት ቃል ናት እኮ፣ ረቢያ» አለ ኃይለየሱስ ለስለስ ብሎ።

«አንተ የሚስትህን አባት በስማቸው ትጠራቸዋለህ?»

«እጠራለሁ።»

«ፊታቸው ቆመህ?»

ኃይለየሱስ አሰበ። «ፊታቸው ስሆን አቶ እጨምራለሁ።»

«እኛ ጋ ዝምታ ነው የሚጨመረው።»

ማታ ለጀሊል ነገረችው። ጀሊል ደህናውን ጆሮ አዞረላት።

«አባቴን በአደባባይ ከጠራሽ ወንድሞቼ ፊት በምን ዓይኔ እቆማለሁ?»

«ካልጠራሁ እኔስ ሮቤ ሰልፍ ላይ በምን እግሬ እቆማለሁ?»

ጀሊል መጥፎውን ጆሮ መለሰላት።

መላውን ያመጡት አማቷ መሪየም ናቸው። በማግስቱ ጠዋት ረቢያን ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጧት። «የእኔ ልጅ፣ ለጉ መፍቻ አለው» አሏት። «የባልሽ አባት በአደባባይ ጊደር ከሰጠሽ ስሙን ትጠሪዋለሽ፤ ነውር የለበትም፣ እንዲያውም ክብር ነው። የእኔ አማት ለእኔ ሰጥተውኛል፤ ነፍሳቸውን ይማር፣ ስማቸውን እስኪሰለቻቸው ጠራኋቸው።»

«ታዲያ ሰውዬው ለእኛ ለምን አልሰጡንም?»

«ሰውዬው!» አሉ መሪየም። «ሰውዬው ከብት ሲሰጥ ያየሽው የት አገር ነው?»

ረቢያ ወደ በረቱ ሄደች። ጋሽ ዲኖ ቡሬ የምትባለውን ዥጉርጉር ጊደራቸውን እያሻሹ ቆመዋል። ምራትና የባሏ አባት ፊት ለፊት አይነጋገሩምና፣ ረቢያ ሻሻዋን ሰብሰብ አድርጋ ለጊደሯ መናገር ጀመረች።

«ቡሬ፣ ለባለቤትሽ ንገሪልኝ። ወፍጮው የሚገኘው ስማቸው ከተጠራ ነው። ስማቸው የሚጠራው አንቺ ወደ እኔ ቤት ከመጣሽ ነው።»

ጋሽ ዲኖም ለጊደሯ መለሱ። «ቡሬ፣ ለዚያች ሴትዮ ንገሪያት። አብዮቱ የድሮውን ልማድ ሽሮታል። በነፃ ትጥራኝ።»

«ቡሬ፣ በነፃ ከጠራሁ ነውሩ የእኔ ነው። በጊደር ከጠራሁ ክብሩ የሁለታችንም ነው በያቸው።»

«ቡሬ፣ ወፍጮ እንደሆነ የእኔ ወገብ አይደለም የሚፈጨው በያት።»

ቡሬ ሣሯን አኘከች። ጋሽ ዲኖ ልባቸው አልተረበሸም፤ ይህች ሴት ወፍጮ ከምታጣ ልማዱን ትጥሳለች ብለው ቆርጠዋል። ረቢያ ደግሞ እሳቸው ስማቸው በአደባባይ ሲጠራ ለመስማት ጊደር ምን አላት፣ ይሰጣሉ ብላ ቆርጣለች። ሁለቱም ሌላውን አውቀዋለሁ ብለው ተለያዩ።

የሺሃረግ የመጣች ቀን ሰማዩ የዳመነ ነበር። የጭነት መኪናው እየተንገዳገደ ደርሶ መንደሩ መሃል ካለው ዝግባ ሥር ቆመ። በሸራ ተሸፍኖ ላዩ ላይ የተቀመጠውን ነገር ሴቶቹ ሲያዩ ሹክሹክታው ቆመ። የሸራው ጥግ ተገልጦ የወፍጮው አፍ ይታያል። የቀይ ጮራ ሊቀመንበር አብዱልሃኪም ሰዎቹን አስከትሎ መጥቷል። «ለመታዘብ ነው» አለ፤ ግን ጥማድ በሬና ጠንካራ ገመድ ይዟል። ታዛቢ በሬ ይዞ ሲመጣ ታይቶ አይታወቅም።

ጋሽ ዲኖ አዲስ ጥምጣም ጠምጥመው ከፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። የሺሃረግ ካኪ የለበሰች፣ ጃንጥላ የያዘች፣ ሳቅ የማታባክን ወጣት ናት። ብዙ አልተናገረችም።

«ሊቀመንበሯ የት ናት? ነይ፣ እህቴ። ይህ መንደር ማን ይባላል?»

ረቢያ ወጣች። ያገባች ሴት የምትይዘውን ቀጭን በትር፣ ሲንቄዋን፣ መሬት ላይ ተከለች። ወፍጮውን አየችው። አግዳሚውን አየችው። ከዚያ ወደ ኃይለየሱስ ዞረች።

«ጓድ፣ ለእኚያ ለረዥሙ ሽማግሌ ንገርልኝ። እኔ ዝግጁ ነኝ። ቡሬስ ዝግጁ ናት?»

ሕዝቡ ሳቀ።

«ቡሬ ማናት?» አለች የሺሃረግ። «የማኅበሩ አባል ናት?»

«ጊደር ናት» አለ ኃይለየሱስ በተዘጋ አፍንጫው።

ጋሽ ዲኖ ወደ ሰማይ አዩ። «አንድ በግ» አሉ፣ ለሰማዩ።

«በበግ የሚፈታው የግማሽ ሰው ስም ነው» አለች ረቢያ ለኃይለየሱስ።

«ሁለት በግ።»

አብዱልሃኪም በሬዎቹን ወደ መኪናው ጠጋ አደረገ። ጀሊል በሁለቱም ጆሮው እየሰማ ነበር፤ ላብ በላብ ሆኗል። ረቢያ በሬዎቹ ሲጠጉ አየች። አንድ ልቧ «ጥሪውና ተገላገይ» አላት። ጨክና ሲንቄዋን ጠበቅ አደረገች።

ጋሽ ዲኖ አቃሰቱ። «ይሁን! ቡሬን ትውሰዳት! በአደባባይ ሰጥቻለሁ!»

ከኋላ መሪየም እልልታውን ለቀቁት። ረቢያ ሻሻዋን ከአፏ ላይ አነሳች። ጋሽ ዲኖ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ለመስማት ተዘጋጁ። አፏን ከፈተች።

«ቆይ!» አለች ሞሚና ከሴቶቹ መሃል። «እኔስ?»

«አንቺስ ምን?» አለች የሺሃረግ።

«እኔም ምራት ነኝ። እኔም ጊደር የለኝም።»

«ትክክል ነው» አለች የሺሃረግ፣ ነገሩ እንዲሁ በከፊል ገብቷት። «አንዲት ሴት መንደር አይደለችም። ሁላችሁም በአንድ ድምፅ ነው የምትሉት። ምራቶች በሙሉ ወደ ፊት ውጡ!»

ወጡ። ዘጠኙም ወጡ። ከእነሱ ቀጥሎ የወንድም ልጆች ሚስቶች ወጡ። ከጊደር የሚቀር አለ እንዴ፣ የአጎት ልጅ ልጅ ሚስት ሳትቀር ከጓዳ ተጠርታ እጇን እያደረቀች መጣች። መስመሩ ከዝግባው አልፎ እስከ መስጊዱ ደረሰ። ጋሽ ዲኖ ዓይናቸውን ገለጡ። ከብቶቻቸውን በልባቸው ቆጠሩ። ምራቶቻቸውን በዓይናቸው ቆጠሩ። ምራቶቹ በለጡ።

በርግገው ተነሡ።

«ጓዶች! ሂስና ግለ ሂስ አለኝ!»

ኃይለየሱስ አፍንጫውን መጥረጉን ረሳ። ሂስና ግለ ሂስ ምን እንደሆነ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያስተምራቸው አንድም ሰው ተነሥቶ አያውቅም ነበር።

«እኔ አልታገልኩም!» አሉ ጋሽ ዲኖ። «በሬዬ ነው! ገብሱ ውስጥ የገባው በሬው ነው! የታሰርኩት አንድ ቀን ነው፤ ለዚያውም ባላባቱ ምሳ አብልቶኛል። ድንች በቅቤ ነበር፤ ጨው አንሶታል እንጂ ጥሩ ነበር። መንደርን የሚያህል ነገር በአንድ ሰው ስም መጥራት ግለኝነት ነው፣ የፊውዳል አመል ነው! ስሜ ይነሣልኝ! አሁኑኑ ይነሣልኝ! ሁላችሁም ወደ መቀመጫችሁ!»

የመጨረሻዋን ለምራቶቹ ነው ያሉት።

የሺሃረግ ከኃይለየሱስ ጋር ተንሾካሾከች። ኃይለየሱስ ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ ጉንፋን ይሁን ኩራት አልታወቀም። «ተቀብለናል» አለ። «ግን ስም የሌለው መንደር ወፍጮ አይወስድም። አዲስ ስም አሁኑኑ ይውጣ።»

«ሰላም ይባል» አለ አንዱ።

«የባለቤቴ ወንድም ስም ውስጥ አለበት፣ አልጠራም» አለች አንዷ።

«ብርሃን!»

«የእኔ አማት ስም በዓረብኛ ያው እሱ አይደል?»

«ፋና!»

«ፋናስ ትርጉሙ ያው አይደለም? እንደ እሱ ነው!»

ወንዶቹ ስም ባወጡ ቁጥር አንዲት ሴት ከአንድ ጥግ አማቷን እያነሣች ትጥላለች። አብዱልሃኪም ፈገግ ብሎ ገመዱን መፍታት ጀመረ። ረቢያ ወደ መኪናው አየች፤ ሸራው በነፋስ ተገልጦ ብረቱ ወለል ብሎ ታየ። ሲንቄዋን ከፍ አደረገች።

«ሴቶች! ወፍጮ የሚባል አማት ያላት አለች?»

ሁሉም የባሏን ዘመዶች በልቧ አሰሰች።

«የለም» አለች ሞሚና።

«ወፍጮ የሚባል የባል ወንድም? አጎት? አያት?»

«የለም!»

«እንግዲያው መንደራችን ወፍጮ ነው። ወፍጮ የሚባል ወንድ ማናችንም አላገባን።»

የሺሃረግ ጃንጥላዋን አጠፈች። «በአንድ ድምፅ ልስማችሁ።»

«የወፍጮ ሴቶች ነን!» አሉ። ሮቤ ድረስ ተሰማ ማለት ማጋነን ነው፤ የአብዱልሃኪም በሬዎች ግን ደንብረው ገመዱን በጠሱ።

«አቤቱታ አለኝ!» አለ አብዱልሃኪም በሬዎቹን እያሯሯጠ። «ይህ ብልጠት ነው!»

«ጓድ አብዱልሃኪም» አለች የሺሃረግ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷ ታይቶ፤ «ወፍጮ የሚባል መንደር አጠገብህ እያለ ወፍጮውን አንተ ብትወስድ ሰው ምን ይልሃል?»

አብዱልሃኪም አሰበበት። «ሌባ ይለኛል» አለ። ጥሩ ሰው ነበር፤ በሬዎቹን ይዞ መኪናውን ከጭቃ አውጥቶ፣ ወፍጮውን እስከሚተከልበት ቤት አስጎትቶ ነው የሄደው። ቡሬም በረቷ ውስጥ ቀረች። ስሙ ሳይጠራ ጊደር የለም፣ አሉ ጋሽ ዲኖ፤ ረቢያም አልተከራከረችም። ልቧ ወፍጮው ላይ ነበር።

ወፍጮው በተተከለ ቀን ገና በጠዋት ድምፁ መንደሩን አናወጠው። ረቢያ የመጀመሪያዋ ናት። ገብሷን አፈሰሰች፣ ዱቄቷን ተቀበለች፣ ለብ ያለውን ከረጢት አቅፋ ቤቷ ገባች። ፀሐይ ገና ከዝግባው ጫፍ አልወጣችም። ቤቱን ጠረገች። ላሟን አለበች። አሁንም ቀኑ አላለቀም። ደጃፉ ላይ ቆማ ግራ ቀኝ አየች።

«ጀሊል፣ ምን ልሥራ?»

«ተኚያ» አላት ጀሊል።

ተኛች። በቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሯን ገርበብ አድርጋ ተኛች። የመጀመሪያዋ ጎረቤት ስታልፍ አይታ ደነገጠች፤ «ረቢያ ታማለች» አለች። ሁለተኛዋ «ጠንቶባታል» አለች። ሦስተኛዋ ወተት ይዛ መጣች፣ ሞሚና ዳቦ ይዛ እያለቀሰች ደረሰች፣ መሪየም ሙቀቷን በእጃቸው ለኩ፣ ሼኩ ተጠርተው ዱዓ አደረጉ። ጋሽ ዲኖ ሳይቀሩ በሩ ላይ ቆመው «አላህ ያሽራት፤ ለመሥራት ጎበዝ ነበረች» አሉ።

ረቢያ ሁሉንም ሰምታለች። ነቅታ ከተነሣች ወተቱንና ዳቦውን መልሰው እንዳይወስዱት፣ ወደ ግድግዳው ዞራ እንደተኛች ቆየች።